የአክተር ሞት፦ በፊልም ወዳጆች የልቅሶ ሥርዓት ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

ስለ ልቅሶ በአገራችን ብዙ ተጠንቷል። እድር፣ ሙሾ፣ ድንኳንና ንፍሮ ተራቸውን ጠብቀው የመመረቂያ ጽሑፍ ሆነዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰፊ የለቀስተኛ ወገን እስከ ዛሬ ከአጥኚዎች ዓይን ተሰውሮ ኖሯል፤ እሱም የፊልም ወዳጁ ነው። የፊልም ወዳጅ ሟቹን በአካል አያውቀውም፤ ቋንቋውን አይሰማም፤ ቀብር አይሄድም፤ የእድር መዋጮም አይጠየቅም። ሐዘኑ ግን የቀዳውን ቡና የሚያስረሳ የእውነት ሐዘን ነው። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ሟቾቹ የሞቱት በዚያ ስለሆነ።

ንድፈ ሐሳብ

ጥናቱ የቆመበት ሕግ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተደነገገ ነው። ደንጋጊው አይታወቅም። አንቀጹ አንድ ነው፦ አክተር አይሞትም። ጥይት ይስተዋል፤ ካልሳተው ትከሻውን ያገኘዋል፤ ትከሻውን ካገኘው ከሸሚዙ ቀዶ ያስረውና ሥራውን ይቀጥላል። ከአንቀጹ ሥር አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ፦ የአክተር ጓደኛ ይሞታል። በተለይ ከኪሱ የልጁን ፎቶ አውጥቶ ያሳየ ጓደኛ ፊልሙ ሳይጋመስ ይሸኛል።

ሕጉን የሰፈር ልጆች ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃው ግን አያግዛቸውም። ራምቦ በዴቪድ ሞሬል የ1972 ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ ይሞታል። በ1982 የወጣው ፊልም ሲሠራም አሟሟቱ ተቀርጾ ነበር። ለሙከራ ፊልሙን ያዩ ተመልካቾች አንቀበልም አሉ፤ ተቀየረ፤ ሟቹም እስከ 2019 ድረስ አራት ተጨማሪ ፊልም ሠራ። በህንድም ነገሩ ያው ነው። አሚታብ ባችቻን በ1982 «ኩሊ»ን ሲሠራ በአንድ የድብድብ ትዕይንት ሆዱን ክፉኛ ተጎድቶ ከሞት አፋፍ ደረሰ፤ አገር ጸለየለት፤ ዳነ። በመጀመሪያው ድርሰት የሚጫወተው ሰው መጨረሻ ላይ ይሞት ነበር። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ተዋናዩ ከዳነ በኋላ ገጸ ባሕርዩን መግደል አግባብ ሆኖ አልታየውም፤ አዳነው። በ1983 ፊልሙ ሲወጣ ጉዳቱ የደረሰበት ቅጽበት ላይ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የተመታው እዚህ ጋ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይነበባል። እንግዲህ ሆሊውድም ቦምቤይም ለዚያው አግዳሚ ወንበር ተገዢ ናቸው።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው ከጀበና ቡና በርጩማ፣ ከፊልም ቤት ባንኮኒና ከሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው። ለናሙና የተመረጡት ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ መስክ ሌላ ዓይነት ሰው አልተገኘም። ተሳታፊዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ የሲኒማ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ተሰልፈው ትኬት የቆረጡ፣ የህንድ ዘፈን አንድ ቃሉ ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው የሚያንጎራጉሩ። ሁለተኞቹ የቪዲዮ ቤት ልጆች ናቸው፤ ፊልምን በርዕሱ ሳይሆን «የጃኪ ቻን»፣ «የቫንዳም» እያሉ በባለቤቱ የሚጠሩ። ሦስተኞቹ የፍላሽና የቴሌግራም ትውልድ ናቸው፤ ፊልሙን ሳያዩ መጨረሻውን የሚናገሩ።

ግኝት አንድ፦ መርዶ

በባህላችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፤ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ባለ ሐዘኑ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። የፊልም ወዳጅ መርዶ ግን በማንኛውም ሰዓት፣ በማንም እጅ፣ በስልክ ይመጣል። የተረዳው ሰው የመጀመሪያ ቃል «ወይኔ» አይደለም፤ «ውሸት ነው» ነው። እንዲህ የሚለው በቂ ልምድ ስላለው ነው። ጃኪ ቻን በወሬ ደጋግሞ ሞቷል፤ በ2013 የዕለቱ ቀን ያለበት ፎቶ ተነስቶ መኖሩን እስከ ማስረዳት ደርሷል። ሲልቬስተር ስታሎንም በ2018 ሞተ ሲባል ደኅና ነኝ ብሎ የተናገረው ራሱ ነው።

ዋናው ማስረጃ ግን የህንዱ ተዋናይ የዳርመንድራ ጉዳይ ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 2025፣ በእኛ ኅዳር 2፣ የፊልም ቤቱ ልጅ ስልኩን እንደያዘ ቡና ወደሚጠጡት ጡረተኛ አስተማሪ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ዳርመንድራ ሞተ እኮ።»

«የቱ ዳርመንድራ?»

«የሾሌው ነዋ።»

ጋሼ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። «የሾሌው ዳርመንድራማ አይሞትም። የሞተው አሚታብ ነው።»

«እሱ እኮ በፊልሙ ነው፣ ጋሼ!»

«እኔስ ሌላ የት አገኘሁትና?»

ይህን መልስ የሚያፈርስ ጽሑፍ እስካሁን አልተገኘም። ይባስ ብሎ ቤተሰቡ የዚያኑ ዕለት በሕይወት አለ ብሎ አስተባበለ። በሾሌ ፊልም ባሳንቲን ሆነው የተጫወቱት ባለቤቱ ሄማ ማሊኒ ወሬውን ያወጡትን ክፉኛ ወቀሱ። ጋሼም «ምን ነበር ያልኩህ?» እያሉ ሰነበቱ። ኖቬምበር 24 ቀን ግን ዳርመንድራ በ89 ዓመቱ በእርግጥ አረፈ። በዚህኛው ዙር ልጁ ብቻውን አልመጣም፤ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ አስከትሎ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የመጣው። ሥርዓቱን መማሩን ጥናቱ በአድናቆት መዝግቧል።

ግኝት ሁለት፦ ልቅሶ

«ነፍስ ይማር» በማለትና ክርክር በመክፈት መካከል ያለው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ለመቅዳት አይበቃም። የዳርመንድራ ልቅሶ የቀሰቀሰው ክርክር ከ1975 ጀምሮ ያልተዘጋ ነው፦ በሾሌ ውስጥ አክተሩ ማን ነው?

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። የራሜሽ ሲፒ ፊልም ቦምቤይ ሚኔርቫ ሲኒማ አምስት ዓመት ታይቷል። ጓደኛሞቹ ጃይና ቪሩ፣ ማለትም አሚታብና ዳርመንድራ፣ ነገር በከበደ ቁጥር ሳንቲም ጥለው ይወስናሉ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱም ማን ቀርቶ ሽፍቶቹን እንደሚመክት ሳንቲም ይጣላል። ጃይ ይቀራል፤ ይሞታል። ቪሩ ሳንቲሙን አንስቶ ሲያገላብጠው ሁለቱም ገጹ አንድ ነው። ጓደኛው ዕጣውን ለራሱ አስቀድሞ ወስኖት ኖሯል።

አንደኛው ወገን በንዑስ አንቀጹ ይከራከራል፦ የሚሞተው ጓደኛ ነው፤ ጃይ ሞቷል፤ ስለዚህ አክተሩ ዳርመንድራ ነው። ሁለተኛው ወገን፦ ሳንቲሙን የያዘ አክተር ነው፤ ዳርመንድራ ምንም ሳያውቅ የሄደ ሰው ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያው ወገን በሕግ፣ ሁለተኛው በዕንባ ሲያሸንፍ ኖሯል። ከኖቬምበር 24 በኋላ ግን ሁለተኛው ወገን አዲስ ማስረጃ አቀረበ፦ ዳርመንድራ ሞቷል፤ አሚታብ አለ፤ አክተር አይሞትም፤ ፍርዱን እናንተው ስጡ። በዚያው ዓመት በኢጣሊያ ቦሎኛ የፊልሙ ቅጂ ሳንሱር ያስቀየረው የመጀመሪያ መጨረሻው ተመልሶለት መታየቱን የሰሙ ታዳሚዎች ለጊዜው ተስፋ አድርገው ነበር። አሚታብ እዚያም ይሞታል።

ግኝት ሦስት፦ ሠልስት

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው የሟቹን ፊልሞች ፍለጋ ወደ ፊልም ቤት ይወጣል። የደረጃ ዕድገት የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። ተዋናዩ በሕይወት ሳለ «ቀሽም» የተባለ ፊልም «ጊዜው ያልገባው» ይሆናል፤ «ደህና» የነበረው «ታሪካዊ» ይሆናል። ዝቅ ያለ ፊልም በጥናቱ አልተመዘገበም።

ግልጹ አብነት ፖል ዎከር ነው። ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በ40 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሲሞት ሰባተኛው «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ካሌብና ኮዲ የተባሉ ወንድሞቹ በአካል ተተክተውለት፣ ፊቱ በኮምፒውተር ተሠርቶ በ2015 ፊልሙ ወጣ። መጨረሻው ላይ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሄደው መንገዱ ሲከፈል ይለያያሉ። መኪና ሲጋጭ እንጂ ሰው ሲለያይ ለማየት ያልመጣ የቪዲዮ ቤት ልጅ እዚህ ጋ ጉንፋን ይይዘዋል። የሕጉን ጥንካሬ ልብ ይሏል፤ በዚያ ተከታታይ ፊልም ሌቲ ሞታ ተመልሳለች፣ ሃን ሞቶ ተመልሷል። በእርግጥ የሞተው ሰው ገጸ ባሕርይ ግን አልሞተም፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሰላም እየኖረ ነው።

ግኝት አራት፦ ውርስ

ከአርባው በፊት የወራሽ ጥያቄ ይነሳል። ብሩስ ሊ በጁላይ 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ32 ዓመቱ ሲሞት፣ ስሙን ያናኘለት «ኤንተር ዘ ድራገን» አሜሪካ ውስጥ ገና አልታየም ነበር። ወራሾቹ በቡድን መጡ፤ ብሩስ ሌ፣ ድራገን ሊ፣ አንዱማ ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ከሟቹ ስም በምንም አይለይም። ብሩስ ሊ ጀምሮት የሞተው «ጌም ኦቭ ዴዝ» በ1978 ተቀጥሎ ሲወጣ ታሪኩ ሞቴን አስመስላለሁ ስለሚል የፊልም ተዋናይ ሆነ፤ ለማስመሰያውም የብሩስ ሊ የራሱ የቀብር ምስል ገባበት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የፊቱ ፎቶ ተቆርጦ መስታወት ላይ ተለጥፏል። የቪዲዮ ቤት ታዳሚ ይህን ሁሉ አይቶ ገንዘቤን መልሱ አላለም፤ ሕጉ ተከብሯልና።

ሕጉ በግልጽ የተጣሰው በ«ብላክ ፓንተር» ነው። ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ሕመሙን ለሕዝብ ሳይናገር በኦገስት 2020 በ43 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ወራሽ አልፈለገም፤ የ2022ቱን ተከታይ ፊልም በንጉሡ ሞትና ቀብር ጀመረው። ሚናው ለሌላ ተዋናይ ይሰጥ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡ አድናቂዎች ነበሩ። የእኛም ታዳሚዎች «ቀብሩ ደስ ይላል፣ ግን እንዴት አክተሩን ይገድሉታል?» ሲሉ አቤቱታቸውን አስመዝግበዋል።

ውይይት

ያው ኩግለር በ2025 «ሲነርስ»ን ይዞ ሲመጣ የታረመ ይመስላል። (ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይህን አንቀጽ ይዝለል፤ የቴሌግራሙ ትውልድ ካልቀደመው።) ማይክል ቢ. ጆርዳን መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ይጫወታል። አንደኛው ይሞታል፤ ሌላኛው ደም መጣጭ ሆኖ ከዚያ ወዲያ እርጅና እንኳ አያገኘውም። በአንድ ተዋናይ አንቀጹም ንዑስ አንቀጹም ተፈጸሙ። አግዳሚው በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል።

ከላይ የቀረበው ሁሉ አንድ ነገር ያሳያል። የፊልም ወዳጅ ሞትን የሚያየው እንደ ድርሰት ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ ይከራከራል፣ በመጨረሻ እንደገና ከፍቶ ያያል። በዚህ የሚስቅ ሰው ፊልም ሠሪዎቹ የሠሩትን ይመልከት። መጨረሻ የቀየሩት፣ ፊት በኮምፒውተር የሠሩት፣ ፎቶ መስታወት ላይ የለጠፉት እነሱ ናቸው። ተመልካቹ የከፈለው የመግቢያ ብቻ ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ የአክተር መርዶ የሚነግር ሰው በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ያስከትል። ሁለተኛ፣ የደረጃ ዕድገት ለሟች ብቻ መሰጠቱ ቀርቶ በሕይወት ያሉትም፣ የአገራችን ተዋንያን ጭምር፣ ሳይሞቱ ቢደርሳቸው መልካም ነው። ሦስተኛ፣ በሾሌ ጉዳይ ፍርዱ ሳንቲሙን ለያዘው ወገን ሆኗል፤ ይግባኝ አይፈቀድም። አራተኛ፣ አንቀጹ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦ አክተር አይሞትም፤ ቢሞትም ቤተሰቡ ሳያረጋግጥ አይሞትም። ይህ ማሻሻያ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።