ስሜን ጻፉልኝ

አዲስ ገቢ ተማሪ ግቢ እንደረገጠ የመጀመሪያውን ምክር የሚሰማው ከመምህር አይደለም። ከነጫማው አልጋ ላይ ተጋድሞ ከሚያወራ ሲኒየር ነው። «ፍሬሽ፣ ክላስ ገብተህ ምን ልትሠራ? ሀንድአውት አለ፣ ያምናው ፈተና አለ፤ ምን ጎደለህ?» መካሪው ራሱ በዋርኒንግ የሚማር መሆኑ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እሱ ተባሮ አገሩ ቢገባም ምክሩ ዶርሙ ውስጥ ይቀራል።

ኖን ካፌ ሆኖ የወሩን ብር በመጀመሪያው ሳምንት በጥብስ የሚጨርሰውን ልጅ አልወቅሰውም፤ ሆዱ ይፈርድበታል። እኔ ነገሬ ከግሩፕ አሳይመንት ጋር ነው።

የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ፣ ስድስት ሆነው ይመደባሉ። አንዷ ትሠራለች፤ ያቺም እሷ ናት። አንዱ የፕሪንት ያዋጣል። አንዱ «ታይፕ የኔ ሥራ ነው» ብሎ ቃል ይገባል፤ ላፕቶፕ እንደሌለው የሚታወቀው ኋላ ነው። አንዱ ድርሻውን ከዊኪፒዲያ ይገለብጥና ባለቅንፍ ቁጥሮቹን እንኳ ሳያነሳ ይልካል። አንዱ ስልኩን ዘግቷል። የመጨረሻው፣ የሁሉም አለቃ፣ በማስረከቢያው ዋዜማ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ ብቅ ይላል፦ «ጀለሶች፣ ስሜን ጻፉልኝ። አይዲዬም እንዳይረሳ።»

ይህ ልጅ ፕሬዘንቴሽን ቀን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ተኩሶ ይመጣል። መምህሩ «አንተስ?» ሲሉት «እኔ ኮንክሉዥን ነኝ» ይላል። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠራርግና «እንግዲህ በአጠቃላይ፣ ከላይ ጓደኞቼ በሰፊው እንደገለጹት...» ብሎ አመስግኖ ይቀመጣል። የሚገርመው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚጨበጨብለት እሱ ነው፤ አጭር ነበራ!

አቴንዳንስም ላይ ያው ነው። ወረቀቱ ዞሮ ሲመለስ ፊርማው ከሰዉ ይበልጣል። አንዱ እጅ በሦስት ዓይነት ብዕር ለሦስት ሰው ይፈርማል። ፎርጅዱ ከባለቤቱ ፊርማ ይልቅ የሚያምርበት ጊዜ አለ አሉ።

ታዲያ ይሄው ተማሪ በገዛ እጁ፣ ሳያነብ፣ እየተጋፋ የሚፈርመው አንድ ወረቀት አለ፤ የኮስት ሼሪንግ ውል። የበላበት፣ የተኛበትና ከተማረበትም የተወሰነው ክፍል ዕዳ ሆኖ እንደሚመዘገብበት እያወቀ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ብቻ ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ማንንም «ፈርምልኝ» ሲል አልተሰማም።

ድሮ ይህ ሁሉ ያስኬድ ነበር። ፈተና ያለፈ ኮርስ ከጭንቅላት ቢወጣ ከልካይ አልነበረውም፤ ሚዱን ከፋይናሉ ደምሮ 2 ነጥብን የተሻገረ ሰው ገዋኑን ለብሶ ፎቶ ይነሳል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣና ነገር ተበላሸ። የዓመታቱ ዋና ዋና ኮርሶች በአንድ ቀን ተጠራርተው ኮምፒውተር ላይ ይቀርባሉ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ግሩፕ አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ለዚሁ ፈተና ስታነብ ነው መልእክት የመጣላት። ኮንክሉዥን ነው። «የኔ እህት፣ ያ ሁለተኛ ዓመት የሠራነው አሳይመንት አለሽ? ፈተና ላይ ይመጣል እያሉ ነው።» «የሠራነው» የሚለው ላይ ትንሽ ሳቀች፤ ፋይሉን ግን ላከችለት። እኔ ብሆን አልልክም ነበር፤ እሷ እናቷን ነው የመሰለችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ጻፈላት።

«ተባረኪ። ግን የአባቴን ስም ተሳስታችሁ ነው እንዴ ያስረከባችሁት?»