የዓሣዋ ደብር

ከታላቅ እህቴ ጋር የስዊድኗን ጎተንበርግ ልንጎበኝ ወጣን። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1621 ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ እንደቆረቆራት፣ ቦዮቿንም ሆላንዶች እንደቀየሱላት አስጎብኚ መስዬ ሳብራራ፣ እትዬ ጆሯቸውን ነፍገውኝ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ለካስ ቦዩ ዳር ሾጣጣ ጣሪያና ረጃጅም ቅስት መስኮቶች ያሉት ሕንፃ አይተው ኖሯል! ተጠግተው አማትበው ግድግዳውን ተሳለሙና፣

«የማን ደብር ናት?» አሉኝ።

የከተማው ሰው «ፌስከሾርካ» ይላታል፤ የዓሣ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። አልዋሸሁም፣ እሱኑ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተች የዓሣ ገበያ መሆኗን ግን ለበሩ አቆየሁት። መቼም ቦዩ ዳር ቆሞ ከእትዬ ጋር መከራከር ዋና ለማያውቅ ሰው አይመከርም።

ገባን። «ዕጣናቸው ምነው እንዲህ ከረፋ?» አሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር እትዬ ዕድሜ ልካቸውን የ«አይበላም» ወገን ናቸው። በረዶ ላይ የተከመረውን ሽሪምፕ ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ እንኳን ዓሣ አይደለም፤ አንበጣ ነው» ሲሉ ፈረዱ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጥምቁ ዮሐንስስ አንበጣ አይደል የበላው?»

ዋጋውን ወደ ብር አስልቼ ስነግራቸው እንደገና አማተቡ።