አዝማሪውን ማን አገኘው?

ምዕራብ ጎጃም ሳይጠፋ መገኘት የለመደ አገር ነው። ሰከላ ላይ ሰዉ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ጠበል ሲጠመቅበት በኖረው በግሽ ዓባይ ምንጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ደረሰና «አገኘሁት» አለ። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ በኮኮናት ቅል ውኃ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ቄስ ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618፣ ቀድሞት መጥቶ አይቶታል። ብሩስ ይህን ለማስተባበል በመጽሐፉ ብዙ ቀለም አፍስሷል። ፈረንጆቹ ባገኘሁትና በአላገኘኸውም እንዲህ ሲጣሉ፣ የሰከላ ሰው ምንጩ መቼ ጠፍቶ እንደነበር የነገረው የለም።

የብሩስ ወራሾች ዛሬም አሉ። አሁን ፈረንጆች አይደሉም፤ የእኛው ልጆች ናቸው። የሚያገኙትም ምንጭ ሳይሆን አዝማሪ ነው።

የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ ያለ ሐሳብ ይኬድበት በነበረ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም የሚያድር መንገደኛ ማንጎውን በፌስታል ከገዛ በኋላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ወይ ሆቴሉ በር ላይ ተቀምጦ ባጃጅ መቁጠር ነው፣ ወይ ጠጅ ቤት መግባት። ጠጅ ቤቱ እንደማንኛውም ጠጅ ቤት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብርሌ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚያወራበት ጫጫታ። ከጥጉ አንድ ሰው ማሲንቆውን ይዞ ተቀምጧል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ኮቱ ከትከሻው ይሰፋል። ከጠጪው ግማሹን በዘፈኑ የዳረው እርሱ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ እናት አባቱን ድሯል። ጥር ሲመጣ ከጅጋ እስከ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ፣ ድግስ የደገሰ ሁሉ መልእክት የሚልከው ወደ እርሱ ነው። (ማንኩሳ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ብቻ ያለች የሚመስላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። ይቅርታ፣ «ታገኟታላችሁ» ማለቴ «ታልፏታላችሁ» ለማለት ነው።)

እዚህ ቤት ነው እንግዶቹ የገቡት። ወጣቶች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየሄዱ ነው። ጠጁን ቀምሰው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉና ቢራ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም ተባሉ። አዝማሪው እስኪጀምር ድረስ ወሬያቸው ስለ ሆቴሉ ዋይፋይ ነበር።

ከዚያ ትዝታ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም፤ ሰውየው ይዘፍናል። ማሲንቆ ያለው ክር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። የሚመታበት ደጋንም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። ቆዳ ከለበሰ ትንሽ ሣጥንና ከጭራ ይህ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አያስታውቅም። ሰውየው ስንኙን ጀምሮ ድምፁ ሲሰበር ይተወዋል፤ ቀሪውን ማሲንቆው ይጨርስለታል። ቀጥሎ ማሲንቆው ይጀምራል፣ እርሱ ይጨርሳል። የትኛው የትኛውን እንደሚከተል አይለይም። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ጠጅና የሌሊት መንገድ ሞርደውታል። አንዱን ቃል እየደጋገመ ሲያዘገመው ጫጫታው ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ ጠጅ ቀጂዋም ብርሌዋን እንደያዘች ትቆማለች።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ፀጉሩን ያሳደገው፣ ብድግ አለ። «ኧረ ሰዎች! ይኼ እኮ ብሉዝ ነው! ንጹሕ ብሉዝ!»

አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ብሉዝ ያልኸው የማን ልጅ ነው?»

«አይ አባባ፣ ሙዚቃ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ።»

«አወ፣ ይሆናል። ይኸ ግን የኛው ነው። አባቱንም አውቀዋለሁ፤ እርሱም አዝማሪ ነበር» አሉና ወደ ብርሌያቸው ተመለሱ።

ስልኮቹ ወጡ። መብራታቸው በርቶ የሰውየው ዐይን ላይ ዐረፈ። «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልን።» ዞረ። «አባባ፣ ሰው አለፈብን፤ ከመጀመሪያው ይድገሙልን።» ሐዘን ከመጀመሪያው ሲደገም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደገመላቸው። ሦስተኛ ሲጠይቁት ግን ደጋኑን ሳብ አድርጎ ዜማውን ቀየረና እንዲህ አለ፤

የመጣው እንግዳ ሁሉም ይቀርጸኛል፤
እንጨት መሰልሁ ወይ፣ ማንስ ሰው ይለኛል።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እንግዶቹም አብረው ሣቁ፣ አጨበጨቡ፣ ትከሻም ሞከሩ። ግጥሙ በእነርሱ ላይ መሆኑን የነገራቸው የለም፤ በጎጃም ጠጅ ቤት ወርቁን ለእንግዳ መፍታት ነውር ነው። ቪዲዮው በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ርእሱ «ያልታወቀው የጎጃም ብሉዝ አባት» ይላል። ስሙ ግን የለም። ከጅጋ እስከ ቡሬ የሚታወቀውን ሰው ስምህ ማነው ብሎ የጠየቀው ስላልነበረ፣ ያልታወቀ ሆኖ ቀረ።

ወጣቱ ግን ብሉዝ በማለቱ አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ካሰበው በላይ ልክ ነው። የብሉዝ ዘፋኝም ጊታሩን የሚይዘው ለአጃቢነት አይደለም፤ እንዲመልስለት ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ ጊታሩን ሉሲል ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር፤ እርሱ ሲዘፍን እሷ ዝም ትላለች፣ እሷ ስትናገር እርሱ ዝም ይላል። የእኛ አገር ምእመን ክራርና ማሲንቆን የሰይጣን፣ በገናን የእግዚአብሔር ብሎ ሲለይ፣ በአሜሪካ ደቡብም ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ብሉዝን የሰይጣን ዜማ ይለው ነበር። ሰይጣን በሁለቱም አገር ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚመሳሰለው ግን አገኛኘቱ ነው። የብሉዝ ዘፋኙ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት እ.ኤ.አ. በ1928 ጥቂት ዘፈኖች አስቀረጸ። ሸክላው ብዙም አልተሸጠ፤ እርሱም አቫሎን ወደምትባል መንደሩ ተመልሶ ገበሬነቱን ቀጠለ። ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ነጭ ወጣት፣ ከድሮ ዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ የመንደሪቱን ስም ሰምቶ፣ ካርታ ዘርግቶ ሄደና «አገኘው»። ሽማግሌው ከኤፍ.ቢ.አይ. የመጣ መርማሪ መስሎት ደንግጦ ነበር ይባላል። ጆን ኸርት ለአቫሎን ሰው አንድ ቀንም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። በ1964 ደግሞ ሌላው የብሉዝ ዘፋኝ ሰን ሃውስ ሮቸስተር ከተማ ተገኘ። እርሱ ጊታር ከተወ ዓመታት አልፈው ነበርና፣ አላን ዊልሰን የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ ተመድቦ የሰን ሃውስን አጨዋወት ለሰን ሃውስ መልሶ አስተማረው። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ለፍኖተ ሰላሙ ሰው እሰጋለሁ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ማሲንቆውን ከእጁ ተቀብሎ «አባባ፣ ጎጃምኛ እንዲህ አይደለም» ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር ፈረንጆቹ ቢያንስ ስም ይጽፋሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በሚለው ተከታታይ ሥራው የእኛን ሸክላዎች ሰብስቦ አሳተመ። ዐሥረኛው ቅጽ ትዝታን ነው የያዘው፤ ሽፋኑ ላይም የኢትዮጵያ ብሉዝ ተብሎ ተጽፏል። ዐሥራ ስድስተኛው የአስናቀች ወርቁና የክራሯ ነው። ሰውየውን አላማውም፤ ሥራውን ሠርቷል። የማማው ከዚያ በኋላ የመጣነውን ነው። እናታችን ወጥ እያማሰለች ትዝታ ስታንጎራጉር «ኧረ እማዬ፣ አታስለቅሺን» ያልን ሰዎች፣ ሲዲው ከፓሪስ ሲመጣ ዐይናችንን ጨፍነን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ትዝታ ብሉዝ ሳይባል በፊት የሽማግሌ ዘፈን ነበር፤ ብሉዝ ከተባለ ወዲያ በቦሌ ለመግቢያ ትኬት የሚቆረጥበት ሆነ።

እንግዶቹን ብቻ አምቼ የአገሩን ሰው ብተወው ግን ፍርዴ ያደላል። የጠጅ ቤቱ ደንበኛ አዝማሪውን በስሙ ያውቀዋል፣ አባቱንም ያውቃል፤ መስማቱን ግን እንጃ። እርሱ የሚጠብቀው ዘፈኑን ሳይሆን የራሱን ስም ነው። የቡሬው የበቆሎ ነጋዴ ገበያ የቀናው ዕለት ይመጣና መሐል ወንበሩን ይይዛል። ትዝታው እየተዘፈነ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ እርሱ ከመሐል «ተቀበል!» ብሎ ይጮሃል። አዝማሪ ተቀበል ሲባል መቀበል ግዴታው ነው። ነጋዴው ግጥም ይሰጣል። ግጥሙ ቤት አይመታም፤ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ አባቱ ጀግንነት ሲሆን ሁለተኛው ስለ አይሱዙው ነው። አዝማሪው ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ይሰማዋል፣ ከዚያ እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ አንዱን ጫፍ ቆርጦ ሌላውን ቀጥሎ ቤት እየመታ ይመልስለታል። ነጋዴው በራሱ ቅኔ ተገርሞ ዙሪያውን ያያል። «ይኸን ያልሁት እኔ ነኝ!» ከዚያ የመቶ ብር ኖት ምራቅ አስነክቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አንዱ እንዲያውም መቶውን ለጥፎ ሃምሳ መልስ ሲጠይቅ ታይቷል።

ስብሰባ የመጣ ባለሥልጣን ደግሞ አለ። እርሱ ግጥም አይሰጥም፤ እንዳይወደስ ይፈራል፣ ሳይወደስ ቢቀር ደግሞ ይከፋዋል። አዝማሪው ይህንን አጣርቶ ያውቃል። ስም ሳይጠራ በቁመቱ፣ በመነጽሩ፣ በወንበሩ ዙሪያ እየዞረ ያመሰግነዋል። ባለሥልጣኑ ያልሰማ መስሎ አበሉን ከኪሱ ይፈታል። አዝማሪዎች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ደንበኛው ፊት ቆመው ስለ ደንበኛው ኪስ ይመካከሩበታል። አዝማሪውና ሚስቱ እየተያዩ ፈገግ ሲሉ ያየ ደንበኛ፣ ፍቅራቸው እንዴት ያምራል ብሎ ተጨማሪ ይሰጣል።

ይኸው ደንበኛ ጠዋት ልጁ ክራር ይዞ ቢያገኘው ቤቱን በእግሩ ያቆመዋል። «አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው!» ማታ ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ሙያ ጠዋት ለልጁ ስድብ ያደርገዋል። የአዝማሪ ቤት ሠርግ ያደምቃል፤ ልጅ ለመስጠት ግን ሰባት ቤት ይቆጠርለታል።

አዝማሪን በቁም ነገር የሰማ ሰው ከታሪክ ፈልግ ብትሉኝ የማመጣላችሁ ስም ያሳፍራል፤ ግራዚያኒ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ የጣሊያን አገዛዝ ሊወድቅ ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ብሎ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እየለቀሙ እንዲገድሏቸው አዘዘ። ሰውየው ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ክር የተዘፈነ ሁለት ስንኝ ሠራዊት ሊያነቃንቅ እንደሚችል ገብቶታል። የእኛ የበቆሎ ነጋዴ እዚህ አልደረሰም። ስልክ ያነሣውም ወጣት አልደረሰም። ሁለቱም ከዘፈኑ ውስጥ የፈለጉት ራሳቸውን ነው፤ አንዱ ስሙን፣ ሌላው ግኝቱን።

እናንተም መንገዱ ቀንቷችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ጠጅ ቤቱን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ ማንም ያሳያችኋል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ተቀመጡ። ጠጁን ፊት ሳትቋጥሩ ጠጡ። ተቀበል አትበሉት፤ ያለውን ይበለው። ሲጨርስ ጉርሻውን እንደ ሰው በእጁ ስጡት፤ ግንባሩን ተዉለት። መቅረጽ ካለባችሁ አስፈቅዳችሁ ቅረጹ፣ ስሙንም ጠይቃችሁ ጻፉ። ለሠርግ የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ የጥር ቅዳሜና እሑዶቹ ቶሎ ይያዛሉ።