ማሽኗ ጮኸች ብላችሁ

የዘንድሮ ሰው ድምፅ አይችልም። የሌላውን ድምፅ ማለቴ ነው። ራሱ በስልክ ሲያወራ ሦስት ግቢ ተሻግሮ ይሰማል። ከአዲሱ ገበያ የተነሣው ሚኒባስ ሱሉልታ እስኪደርስ የሚለቀው ዘፈን የጥርስ ሙሌት ያስወልቃል። ከጎረቤቴ ያለው የበርና መስኮት ሠሪ ግራይንደሩን የሚያስነሣው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ይኼ ሁሉ «ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የእኔ የሳህን ማጠቢያ ማሽን ራት ከተበላ በኋላ ትንሽ ካጉረመረመች ግን የቤተ ዘመድ ጉባኤ ይቀመጥባታል።

«ትንሽ» ያልኩት ለፍቅር ነው። እውነቱን ከተናገርን፣ ወጥ ቤት የገባ ሰው ወፍጮ ቤት የገባ ይመስለዋል። ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ድመቷ በመስኮት ትወጣለች። ቢሆንስ? በዚህ ዕድሜዬ እኔም ከወንበር ስነሣ ድምፅ አሰማለሁ። እስካሁን ጣሉት ያለ የለም፤ ቢያንስ ፊት ለፊቴ።

ያገኘኋት አልጋ ልገዛ ሄጄ ነው። ከአገር የሚወጣ ፈረንጅ ዕቃውን ይሸጣል ተባለና ባለቤቴ ብሩን ቆጥራ፣ «የእንግዳ አልጋውን አደራ» ብላ ላከችኝ። አልጋውም ነበር። አጠገቡ ግን እሷ ቆማለች፤ ጀርመን ሠራሽ፣ ነጭ ቀለሟ በዕድሜ ወደ ቅቤ ያደላ፣ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚዞር ትልቅ ማዞሪያ ያላት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ የሰው ስም አላጠፋም። በሩን ስከፍተው ከባድ ነው፤ ብረቱ ብረት ነው፤ ሁሉም ነገር በብሎን የታሰረ ነው። ልቤ ሄደ። እንግዳ እስከ ዛሬ ፍራሽ ላይ ይተኛል።

ፍራንክፈርት ያለችው ልጄ በቪዲዮ ስትደውል ከጀርባዬ ማሽኗ ታገሳለች። «አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ? ጄኔሬተር ገዛህ?» ትለኛለች። ስነግራት ትስቃለች፤ እዚያ አገር እንዲህ ዓይነቷ ሙዚየም ነው ያለችው አለችኝ። «አዲስ ልላክልህ፤ መሥራቷን ራሱ አታውቅም፣ ድምፅ የላትም።» ይኸው ነው እንግዲህ። መሥራቷ የማይታወቅ ማሽን ምን ይባላል? ታማ እንደሆነስ በምን ልወቅ? አዲሶቹን አይቻቸዋለሁ። ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ፊታቸው ላይ አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ጽፈው ይሞታሉ። ጀርባቸውን ብትከፍት የሚጠብቅህ የታሸገ ካርድ ነው፤ ካርዱ ከተቃጠለ ካርዱን ግዛ። በምን ገንዘብ? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፎ ሄደ። የማጓጓዣውንና የቀረጡን ነገር ደግሞ ተዉት፤ ደም ግፊት አለብኝ።

ባለሙያ ይምጣ ተባለ። መጣ፤ ትሁት ልጅ ነው፣ ጫማውን እንኳ በር ላይ አወለቀ። ማሽኗን ዞሮ ዞሮ አየና ስልኩን አወጣ። «አባባ፣ ኤረር ኮዷ ስንት ነው?»

«ኮድ የላትም፣ ልጄ። ጆሮ አለህ?»

ሳቀ። ጆሮ ነበረው፤ ግን አላሠለጠኑለትም። «ይጣሏት፣ አባባ፤ ለብረቷ ቆራሌው ደህና ዋጋ ይሰጥዎታል» ብሎኝ ሄደ። ልጁን አልቀየምኩትም። እኔን የሚያናድደኝ ድምፅን ሁሉ በአንድ ስም «ረበሸ» ብሎ የሚያልፍ ዘመን ነው። ለሰማው ሰው ማሽኗ በዝርዝር ነው የምትናገረው። ውሃ ስትቀዳ ብቻ ከተንቀጠቀጠች መግቢያው ቫልቭ ነው። ጊዜ ጠብቃ ኳ፣ ኳ ካለች የሚሽከረከረው የውሃ መርጫ ክንድ የጭልፋ እጀታ እየመታ ነው፤ ጭልፋውን አስተካክሎ በሩን መዝጋት፣ አለቀ። ቆሻሻውን ውሃ ስታስወጣ ከተንኮሻኮሸች ትንሿ ፓምፕ ውስጥ የስኒ ስባሪ ገብቷል። የእኔዋ ግን ማጠብ ከጀመረችበት እስከምታቆምበት ሳታቋርጥ ነው የምታገሳው። ይሄ ዋናው ሞተር ነው።

ረጅሙን ካቻቢቴ አመጣሁ። ጫፉን ሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አጥንቱ ላይ። ዶክተር ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም፤ እሱ ግን ያስከፍላል። ድምፁ የመጣው በፓምፑ በኩል ካለው ኩሽኔታ ነበር። ሞተሩን አውርጄ ዘንጉን በጣቴ አዞርኩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ሳይሰማህ ይዞራል፤ ይሄኛው እየያዘ እየለቀቀ ጣት ይኮረኩራል። ዙሪያውን ዝገት የቀላቀለ ውሃ ወርዶበታል፤ ግራሶው ታጥቦ ሄዷል። ሌባው ኩሽኔታው አልነበረም። ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ ዘንጉ ላይ የሚቀመጠው ጎማ ነው ያረጀው፤ ኩሽኔታው የእሱን ዕዳ ነው የከፈለው። ጎማውን ሳይቀይር ኩሽኔታ ብቻ የሚቀይር ጠጋኝ፣ ለወራት ጸጥታ ሸጦልህ ሄደ ማለት ነው።

ኩሽኔታው ላይ 6202 የሚል ተጽፏል። ውስጡ 15 ሚሊ፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11። ይቺን ቁጥር የሠራ ሰው ገነት ይግባ፤ ጀርመን ብትሄድ፣ ቻይና ብትሄድ፣ መርካቶ ብትሄድ 6202 ያው 6202 ነው። ስለዚህ መርካቶ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ በብረት የተከደነና በሁለት በኩል ጎማ ያለው። ውሃ አጠገብ ለሚኖር ጎማው ነው የሚሻለው።

«ለምን ማሽን ነው?» አለኝ።

«ለሳህን ማጠቢያ።»

ልጁ ጓደኛውን አየው። «አባባ፣ ቤት ውስጥ ሴት የለችም እንዴ?»

«አለች። ለዚህ ነው የምጠግናት።»

የዘንጉ ጎማ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም። ምናለሽ ተራ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ከቆርቆሮ ሙሉ የፓምፕ ጎማ መካከል በዘንጉ ውፍረት እየለካ አወጣልኝ። ስለ ዋጋው ከተከራከርነው ይልቅ ስለ ጉልበታችን ያወራነው ይበልጣል። ቤት ተመልሼ ገጠምኩ። አዲስ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ መመታት ያለበት የውስጥ ቀለበቱ ነው፤ በልኩ የተቆረጠ ቱቦ አስደግፈህ ቀስ እያልክ። የውጭውን የመታ ሰው አዲሱን ዕቃ በገዛበት ቀን ገደለው። አሁን ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ሁሉም መዶሻ ያነሣል።

አስነሣኋት። ግሳቱ ጠፋ! ባለቤቴ ከሳሎን ብቅ አለች፤ መብራት የሄደ መስሏታል። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ከሆዷ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ጉርጉር፣ ከርከር የሚል። በሩን ከፍቼ ባየሁ ጊዜ ጉዱ ታየ። ታች ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ፓምፑ ውሃ ሲያጣ አየር እየጎረሰ ነው።

የእኔዋ ማሽን ውሃ የምትቀዳው በሰዓት ነው። ማዞሪያው «ይህን ያህል ደቂቃ ቅጂ» ይላታል፤ ትቀዳለች፤ የሞላውን አትለካም። የጀርመንን ቧንቧ ተማምና ነው። የሱሉልታ ቧንቧ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወረፋው ሲደርስ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ያለን ሮቶው ነው። ሮቶው ሦስት ሜትር ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ ለአንድ ባር ግፊት አሥር ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፤ እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። በተሰጣት ደቂቃ ግማሹን እንኳ አትቀዳም። የሚያበሳጨኝ ይህን ሳሰላስል በራችን ላይ የሚያልፈው መኪና ነው። የታሸገ ውሃ ጭኖ፣ እያቃሰተ፣ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባን ሊያጠጣ ይወርዳል። ከኛ ምድር የወጣ ውሃ መሆኑ ነው። እጄን አውለበልብለታለሁ፤ ሾፌሩም ያውለበልብልኛል።

በውሃ የተቸገርኩ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ይቺን ዕቃ ለሥራ ያበቃቻት አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክሬን ናት። የፈጠራ መብቷን ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1886፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን ነው። ሠራተኞች የሸክላ ሳህኖቿን ጠርዝ ጠርዙን እየሸረፉባት ተቸግራ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1893 የቺካጎ ትርኢት ላይ ተሸለመች። ታዲያ ማሽኗን የገዙት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ቤተሰብ አልገዛም፤ ብዙው ቤት ለማሽኑ የሚበቃ የፈላ ውሃ አልነበረውም። ወይዘሮዋ ሱሉልታን ሳታይ ችግራችንን ታውቀው ነበር።

የፈላ ውሃ ካልን ዘንድ፣ እዚህ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ለባቄላ ቀቃይ መከራ ነው፤ ለማሽኗ ግን ግድ የለም፣ 65 ይበቃታል። 65 ለመድረስ ግን መብራት ያስፈልጋል። ሰፈሩ እንጀራ በሚጋግርበት ጠዋት ምጣዱ ሁሉ አንድ ላይ ይበራል፤ አንዱ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። 220 መሆን የሚገባው ወርዶ ወርዶ አምፖሉ ብርቱካን ይሆናል። ያን ጊዜ ሞተሯ ለመነሣት እያማጠች ትንጫጫለች። ይሄም «ማሽኗ ጮኸች» ተብሎ በእሷ ስም ይመዘገባል።

ስለዚህ ሥርዓት አወጣሁ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ዕረፍት። በሌላው ቀን ማታ አጠገቧ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ፤ ሱሉልታ በ2015 በሸገር ሥር ክፍለ ከተማ ሆናለች፣ ብርዷ ግን ያው የድሮው ነው። ማዞሪያው ጠቅ ብሎ መቅዳት ስትጀምር በሩን ገርበብ አደርግና በጆግ እጨምርላታለሁ። በአንድ እጥበት አምስት ጊዜ ውሃ ትለዋውጣለች፤ በጠቅላላው ሁለት ጀሪካን ይሆናል። በልኩ ስትጠጣ ድምፅ የላትም። ፍራንክፈርት ደውዬ አሰማኋት፤ ልጄ «አጠፋሃት እንዴ?» አለችኝ።

ማጣሪያውንም በየቀኑ እኔ ነኝ የማጸዳው። የጀርመን መሐንዲስ ድንች ነበር ያሰበው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጤና አዳም ቅጠልና በርበሬ በቅቤ ይመጣል ብሎ የነገረው የለም። ፕላስቲክ ሳህኖቻችን ከወጥ ጋር ገብተው ሁሉም ቀይ ሆነው ወጥተዋል። ብርሌ አታጥብም፤ አንገቱ ስለሚጠብባት። ጀበና አይገባም። ምራቴ አንድ ቀን ፈሳሽ ሳሙና ጨምራባት አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ እስከ ሳሎን ደረሰ፤ ይህን አላነሣም፣ ደግ ልጅ ናት።

የሚያቃጥለኝ ባለቤቴ ናት። ማሽኗ ዳነች፣ ድምፁ ጠፋ፣ ጉባኤው ተበተነ ስል፣ ትናንት ማታ ወጥ ቤት ስገባ ሳህኖቹን አንድ በአንድ በእጇ እያጠበች በማሽኗ ውስጥ ትደረድራለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሽሮ የደረቀበት ሳህን እንዴት ይገባል? ይህን ያህል ለፍተውባት ላቆሽሻት ነው እንዴ?»

«ለምን ተሠራች ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። እርስዎ አይደሉ ያመጧት፣ እኔ አልጋ ነው ያልኩት። ይልቅ ዝም ብለው አይቁሙ፤ ለዚህ ለኔውም አንድ ጀሪካን ይጨምሩልኝ።»