ያለ ሥራ መሮጥ

ቢታ ገነት ውስጥ ሰው የሚሮጠው ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲጠፋ፣ አለዚያም ሰው ሲሞት ነው። ዝናብ እንኳ አያስሮጥም። በካፋ ከዝናብ እሸሻለሁ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሮጥ ሊኖር ነው። ስለዚህ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ በገባሁ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ስኒከሬን አጥብቄ መንገዱን ስያያዘው ከኋላዬ ኮቴ ተከተለኝ። ዞር ስል ጎረቤታችን ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ቆንጨራ ይዘው ይሮጣሉ። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ጎረምሶች። ከጎረምሶቹ ኋላ ውሻ።

«ማነው?» አሉኝ እያለከለኩ፤ ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

«ኧረ ማንም የለም ጋሼ። ስፖርት እየሠራሁ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ቦንጋ የላክንሽ ለዚህ ነው?»

የላኩኝስ ነርስ እንድሆን ነበር። ከገነት በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ አዳም እንኳ ተባሮ ነው። በዉሽዉሽ የሻይ ማሳ ዳር ሳልፍ መስኮቱን ከፍቼ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፦ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፣ ከሰዓት እማራለሁ፣ ማታ አነባለሁ። ዲዩቲ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነግሮኝ?

ክፍል ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ተማርን፤ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ለፈተና ይመጣላ። ምክሩ እኔንም እንደሚመለከት የገባኝ ጋወኔ አልቆለፍ ሲለኝ ነው። ሊቆለፍስ እንዴት ይችላል? ጠዋት ዋርድ፣ ከሰዓት ክፍል፣ ማታ ሎግ ቡክ፤ በመሃል ያለችውን ክፍተት ሁሉ በሻይና በብስኩት እደፍናታለሁ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚሉት አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያይም። ስንት ደቂቃ ሮጥሽ ብሎ የሚጠይቅ ፈተና የለም።

ማክሰኞ ልሮጥ አልኩ፤ ዘነበ። ሐሙስ አልኩ፤ ዲዩቲ ተቀየረብኝ። በመጨረሻ ኪራይ ቤቴ ውስጥ ገመድ መዝለል ጀመርኩ። ሃያ እንኳ ሳልሞላ አከራዬ መጥረጊያ እንዳነሱ በሩን በርግደው ገቡ። «የት ገባች?» አሉ አልጋዬ ሥር እያጎነበሱ። አይጥ እንደሌለች ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ከዝላዩ ይበልጣል።

ዋርድ ውስጥ መመላለሱስ ስፖርት አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ከጓደኛዬ ተውሼ ኪሴ ከተትኩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከስንት ጭንቅ በኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው እናት አጠገብ ግሉኮስ ሳይ፣ ስልኩ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ የቀኑን ግቤን አሳክቼ ኖሯል። ዋርዱ በሙሉ ነቃ። ከዚያ ወዲህ እርምጃዬን የሚቆጥረው ወገቤ ነው። ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች፤ እንግዲህ የንጉሥ ልጅም ብትሆኚ ወገብ ወገብ ነው።

የሁሉም ቁንጮ ግን ደም ግፊት ይዟቸው የተኙት አባት ናቸው። ልኬታቸው 170 በ100 ነበር። ምክር መስጠት የእኔ ተራ ሆነና በጨው ጀመርኩ፤ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ።

«ቡናው ላይ የምጨምረውም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል አባባ።»

ሐዘን የተነገራቸው ያህል ዝም አሉ። ቀጥዬ ወደ እንቅስቃሴው ገባሁ። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለውን በቋንቋችን፣ በካፊ ኖኖ፣ ልላቸው ብታገል ብታገል አልሆነልኝም፤ በመጨረሻ «ያለ ሥራ መሮጥ» ብዬ ገላገልኩት።

«እኔ እኮ ቡናዬ ያለው ጫካ ውስጥ ነው» አሉ በትዕግሥት። «ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው። ስመለስ ደግሞ ሸክም አለ። ከዚያ በኋላ ልሩጥ?»

መልስ አጣሁ። የተማርኩት ለተቀማጭ ሰው የሚሰጠውን ምክር ነው፤ አጠገባቸው ያለው ተቀማጭ ደግሞ እኔ ነኝ። ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የተኛሽው?»

«ትናንት... አይ፣ ከትናንት ወዲያ።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። «በይ ነይ፣ አልጋውን ልልቀቅልሽ።»

ወደ ቢታ ገነቱ ሩጫዬ ልመለስ። እናቴ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታ ጠበቀችኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ስኒከሬን ሳስር፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ምንም አላለችም። ወደ ምንጩ መውረዱ ቀላል ነው። መመለሻው ዳገት መሃል ቆሜ፣ ጀሪካኑን እንዳዘልኩ፣ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልብ ምቴን ቆጠርኩ፤ 140 አለፈ። ጎረቤታችን ከደጃቸው ቡናቸውን ይዘው ያዩኛል።

«ዛሬ ስፖርቱ ቀረ እንዴ?»

«ቀረ ጋሼ» አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ዛሬ ሥራ ይዣለሁ።»