የማይሸጠው ዓሣ ገበያ

ሬድፊሽ የሚባለው ዓሣ አገሩ የአሜሪካ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ከቴክሳስ ተነሥቶ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ በኩል ዞሮ እስከ ቨርጂኒያ ይደርሳል። ቀላ ያለ የነሐስ መልክ አለው፣ ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ ይዟል፣ እድሜ ከሰጠው ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ከጥቂት ግዛቶች በቀር ይህን ዓሣ ከባሕር አውጥቶ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። መሸጡ የተከለከለ ነገር ገበያ አይኖረውም ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ግን በዚያው ዳርቻ አንድ ሙሉ ቀን ዓሣ ከሚያስይዝ የጀልባ ካፒቴን ጋር ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ለመዋል ከ500 ዶላር በላይ የሚከፍል ደንበኛ ሞልቷል፣ ያውም ጉርሻው ሳይቆጠር። ከእነዚህ ደንበኞች ብዙዎቹ ዓሣውን ይይዛሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ መልሰው ይለቁታል፣ ከዚያም ባዶ እጃቸውን እየሣቁ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ገንዘብ የተረፈው ሰው እብደት ነው የሚል አለ። እኔ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ላይ ከተፈጠሩ ንግዶች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው ባይ ነኝ። ካፒቴኑ የሚሸጠው ዓሣ አይደለም፤ የሚሸጠው ሙከራ ነው። ዓሣ ተበልቶ ያልቃል፣ ሙከራ ግን በማግስቱም ለሌላ ሰው ይሸጣል።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በሆድ ምክንያት ነው። ፖል ፕሩዶም የሚባል የሉዊዚያና ምግብ አብሳይ በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ከባለቤቱ ጋር ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኬ-ፖልስ የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። የሬድፊሹን ሥጋ ቅቤ ውስጥ ነክሮ፣ በቃሪያ ዱቄትና በቅመም ለውሶ፣ በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ጠቆር እስኪል ድረስ አቃጠለው። በቅቤና በበርበሬ ላደገ ሕዝብ ይህ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። አሜሪካን ግን አሳበዳት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ጠቆር ያለ ሬድፊሽ ካላቀረቡ ደንበኛ የሚያኮርፍባቸው ሆኑ። ቀድሞ ያን ያህል ዋጋ ያልነበረው ዓሣ ባንድ ጊዜ ወርቅ ሆነ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሰማይ መንጋውን እየፈለጉ ለመርከቦች መንገር ጀመሩ፤ መርከቦቹም መንጋውን ዙሪያውን ከብቦ በሚዘጋ መረብ እየጠቀለሉ አወጡት። ያ መንጋ ደግሞ ጥልቁን ባሕር የተቀላቀለ፣ እንቁላል የሚጥለው ትልቅ ዓሣ ነበር፤ ዘሩን ከነአያቱ ጠርጎ ማውጣት ማለት ነው። አንድ መጥበሻ እንዲህ ያለ ጉዳት ያደርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቴክሳስ ገና ሳይብስ በ1981 ሽያጩን ከለከለች፤ ሉዊዚያና በ1988 ተከተለች፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ የራሱን ውሃ ዘጋ። ኋላም ይህንኑ ለማጽናት በጥቅምት 2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከፌዴራል ውሃ የሚያዝ ሬድፊሽ ለሽያጭ እንዳይውል የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። ዓሣው ከምግብ ዝርዝር ላይ ወጣ ማለት ግን አይደለም፤ ዛሬ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሬድፊሽ ብታዙ የሚመጣላችሁ አብዛኛውን ጊዜ በኩሬ ያደገ ነው። በዱር የሚኖረውን የፈለገ ግን ዘንግ ይዞ ራሱ መሄድ አለበት። ካፒቴኑ ሥራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሙከራ ሲባል ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ጀልባዋ ጠፍጣፋ ናት፤ አንድ ስንዝር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ሞተሩ ከሩቅ ይጠፋል፣ ዓሣው ድምፅ ይሰማላና። ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ ከሞተሩ በላይ በተሠራች ሰገነት ላይ ይወጣል፣ ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ ጭቃው ላይ እየተከለ ጀልባዋን በዝግታ ይገፋል። ደንበኛው ፊት ለፊት ይቆማል። ውሃው ውስጥ ያለውን ለማየት የፀሐይን ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር ያስፈልጋል፤ መነጽሩ ግን ዓይን አይሰጥም። ደንበኛው የሚያየው ጭቃ፣ ሣርና የራሱን ጥላ ነው። ካፒቴኑ የሚያየው ሌላ ነው፤ ውሃው ላይ የተሸበሸበች መስመር፣ ከሥር የምትንቀሳቀስ የነሐስ ጥላ፣ እድለኛ ቀን ከሆነ ደግሞ ከውሃው በላይ ብቅ ያለች ጅራት። የሬድፊሽ አፍ ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ ሸርጣንና ሽሪምፕ ሲለቅም አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ያወጣል። ይህን ሲያይ ካፒቴኑ አቅጣጫ የሚናገረው በሰዓት ቆጣሪ ነው። የጀልባዋ አፍንጫ 12 ሰዓት ነው፣ ቀኝ ክንዳችሁ 3 ሰዓት፣ ግራው 9 ሰዓት። ለሐበሻ ደንበኛ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፈረንጁን ሰዓት በሰማ ቁጥር ስድስት መደመር የለመደ ጭንቅላት «3 ሰዓት» ሲባል ወዲያው 9 ብሎ ይተረጉምና መንጠቆውን ወደ ግራ ይወረውራል፤ ዓሣው ግን በቀኝ ነው። ስሕተቱ በአንድ ጋት እንኳ አይዛነፍም፣ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በሰዓቱ የማይሳሳተውም ቢሆን ሌላ ይጠብቀዋል። ማባበያውን አናቱ ላይ ከጣለ ዓሣው ይበረግጋል፤ ከኋላው ከጣለ አያየውም፤ መጣል ያለበት ከፊቱ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ፣ ከዚያም ወደ አፍንጫው ሥር በቀስታ መሳብ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ «ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ አሁን! አይ፣ አሁን አልኩህ እኮ!» ይላል። ለቁጣ የሚከፈልበት ሌላ መዝናኛ አላውቅም።

«ታዲያ ያጠመደው ማን ነው?» የሚለው ተቃውሞ የሚነሣው ከዚህ ነው። ዓሣውን ያየው ካፒቴኑ፣ ጀልባውን የገፋው ካፒቴኑ፣ ማባበያውን የመረጠው ካፒቴኑ፤ ደንበኛው እጁን አውሶ ነው ፎቶ የተነሣው ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔም አልከራከርም። ግን ይህ ተቃውሞ የእኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለዚያ ዓይን ነውና። ቀጥሎ የሚመጣው ዘመናዊው ሰው ነው፤ «ስልኬ ላይ ካርታ አለ፣ ቦታው ምልክት ተደርጎበታል፣ ካፒቴን ለምኔ?» የሚለው። ለእርሱ የሉዊዚያናን ረግረግ አሳየዋለሁ። ያ ዳርቻ ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት በባሕር ተበልቶበታል። ሚሲሲፒ ወንዝ በግድብና በክትር ስለታጠረ ደለሉን ለረግረጉ አያካፍልም፤ ለነዳጅ የተቆፈሩት ቦዮች ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ መሬቱም ከሥሩ እየሰመጠ ነው። የዓሣ አጥማጆች መንደር ቬኒስ ባለችበት በፕላከማይንስ አውራጃ፣ የአሜሪካ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት ከ30 በላይ የቦታ ስሞችን ከካርታው ላይ ለመፋቅ ተገዷል፤ የባሕር ወሽመጦቹም ጅረቶቹም በሰፊው ባሕር ተውጠዋልና። ካርታው ራሱ በሚሞትበት አገር ስልክ ምን ያደርጋል? በዚያ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚያ በቀን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃውን የሚያዘው ነፋሱ ነው። የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ውሃው ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ባሕር ይሸሻል፤ ትናንት ጀልባ ያለፈበት መስመር ዛሬ ጭቃ ይሆናል። በስልኩ ካርታ ተማምኖ የገባው ዘመናዊ ሰው ውሃው እስኪመለስ ድረስ እዚያው ከትንኝ ጋር ያድራል። በነገራችን ላይ፣ ካፒቴን የሚለውን ስም ሰው እንዲሁ አያገኘውም። የባሕር ጠባቂው ኃይል እስከ ስድስት ሰው አሳፍሮ ለማስከፈል የሚያስችለውን መናኛውን ፈቃድ ለመስጠት እንኳ 360 ቀን በውሃ ላይ የዋለበትን ማስረጃ ይጠይቃል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የርኅራኄው ነው። የማትበላውን ፍጥረት በመንጠቆ ወግተህ፣ አድክመህ፣ አቅፈህ ፎቶ ተነሥተህ መልቀቅ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አይደለም። የተለቀቀ ሁሉ አይድንም፤ የአትላንቲክ ዳርቻ ግዛቶች የዓሣ ሀብታቸውን ሲያሰሉ ከ100 የተለቀቁ ሬድፊሾች 8 ያህሉ ይሞታሉ ብለው ይይዛሉ። እንግዲህ ካፒቴኑ የሚሸጠው ሙከራ ደም የሌለበት ነው ማለት አልችልም። የምለው ይህን ነው፤ መረቡ ከ100 አንድ መቶውን ያወጣ ነበር። የተለቀቁት 92 ደግሞ ነገ ሌላ ደንበኛ ያስቆጣሉ፣ ሌላ ካፒቴን ያበላሉ፣ እድሜ ካገኙም ወደ ጥልቁ ወጥተው ይዋለዳሉ። የሕጉም አሠራር አስቂኝ ጥበብ አለበት። ቴክሳስ ውስጥ ሊበላ የሚፈቀደው ከ20 እስከ 28 ኢንች፣ በእኛ መለኪያ ከ51 እስከ 71 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው፤ ፍሎሪዳ ከ18 እስከ 27 ኢንች ትላለች። ከዚያ ያነሰው ሕፃን ነው፣ ይለቀቃል፤ ከዚያ የበለጠው ወላጅ ነው፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ ይለቀቃል። የሚበላው ጎረምሳው ነው። ሬድፊሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዓመቶች በረግረጉ አሳልፎ ሲጎለምስ ወደ ባሕር ስለሚወጣ፣ ያን የጎረምሳነት ወንዝ የተሻገረ ዓሣ እንደ ሽማግሌ ይከበራል። በ1984 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አቮን ላይ የተያዘው የዓለም ሪከርድ 94 ፓውንድ ከ2 አውንስ፣ ወደ 43 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ እዚያው ቢያዝ ተመዝኖ ሳይሆን ተለክቶ፣ ይቅርታ ተጠይቆ ይለቀቃል።

የመረብ አጥማጆቹ ቅሬታ ግን ቀልድ አይመልሰውም። በዚያ ዳርቻ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የመረብ ሥራ ነበር፤ አውሮፕላን የሚከራዩት ትልልቆቹ ብቻ ሳይሆኑ በአንዲት ጀልባ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም በአንድ ሕግ ተገፉ። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1994 ሕዝቡ ከ100 በ72 ድምፅ መረብን የሚገድብ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ አስገብቶ ነገሩ አከተመ። «የድሃውን እንጀራ ነጥቃችሁ ለሀብታም መጫወቻ ሰጣችሁ» ቢሉ ግማሹን ልክ ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ ለክልከላው ግንባር ቀደም ሆነው የተሟገቱት በ1977 ሂውስተን ላይ ማኅበር የመሠረቱ የመዝናኛ አጥማጆች ነበሩ፤ ባለመረቦቹ አልነበሩም። ልክ የማይሆኑት በቀረው ግማሽ ነው። መንጋው በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ ለሀብታሙም ለድሃውም የሚተርፍ አልነበረም፤ ዛሬ ደግሞ ጀልባ የሌለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ ከድልድይ ሥር ቆሞ፣ በርካሽ ዘንግ ያንኑ ዓሣ ሊይዝ ይችላል። ሕጉ ካፒቴን ቅጠር አይልም። ካፒቴን የሚቀጥረው የቸኮለ ሰው ነው፤ ሌላው አሥር ዓመት የተማረውን በአንድ ቀን ሊያይ የፈለገ።

እስካሁን ካፒቴኖቹን አሞገስሁ፤ ግን ሙከራ የሚሸጥ ሰው ዓሣም መሸጥ ያምረዋል። ደንበኛው ምንም ሳይዝ ሲቀር፣ ካፒቴኑና ረዳቱ የራሳቸውን ድርሻ አጥምደው ለደንበኛው ማቀዝቀዣ መሙላት የተለመደ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ተመልሶ አይመጣም ብለው ስለሚፈሩ ነው። እኔ እንደማየው ይህ የራስን ዕቃ ማራከስ ነው፤ ሙከራውን በሥጋ ክብደት መመዘን ከጀመራችሁ ወደ መጥበሻው ዘመን ተመለሳችሁ ማለት ነው። ሉዊዚያናም የዓሣው ቁጥር ማሽቆልቆሉ በጥናት ሲታይ በ2024 ሕጉን አጠበቀች። በቀን ለአንድ ሰው አምስት የነበረው አራት ሆነ፣ ከ27 ኢንች በላይ የሆነውን አንዱን እንኳ ማስቀረት ቀረ። ስለዚህ ሂውስተን የምትኖሩ ወገኖች፣ ጋልቬስተን ከእናንተ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ልባችሁ ከፈቀደ ሂዱ፤ ፈቃዳችሁን አውጡ፣ ሰዓት አትደምሩ፣ ሲቆጧችሁም አትቀየሙ። ሉዊዚያና ድረስ ከዘለቃችሁ ደግሞ ካፒቴኑን «ያንተን ድርሻ ጨምርልኝ» ብላችሁ አታስቸግሩት፤ በኪራይ ጉዞ ላይ ካፒቴኑም ሆነ ረዳቱ አንድም ሬድፊሽ እንዳያስቀሩ ሕጉ ከልክሏል። ጉርሻውን ግን አልከለከለም፤ ወጉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው።