ሮም ወንበር የላትም

ሮምን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ኮሎሲየም ያወራል። ስለ እግሩ የሚያወራ ግን አልገጠመኝም። እኔ የማወራው ስለ እግሬ ነው፤ እዚያ የለፋው እሱ ነውና።

መከራው ገና ከአገር ሳይወጡ ይጀምራል። ቪዛ የሚለምን ሽማግሌ የባንክ መግለጫውን፣ የ30,000 ዩሮ የጉዞ ኢንሹራንሱንና የመመለሻ ቲኬቱን ታቅፎ ይሰለፋል፤ የአሥር ጣቱን አሻራ ይሰጣል። "ለመመለስዎ ምን ማረጋገጫ አለን?" ይባላል። ወገቤን አይታችሁ እመኑኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚሉት ባቡር አለ፤ በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ የሚባለው ዋናው ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። ምን ዋጋ አለው፣ ወንበሩ ሳይሞቅ "ደርሰናል፣ ይነሱ" ይላሉ።

ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ የ500ዎቹ አደባባይ ነው። እነሱም በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሏቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ለሞቱት አንድ አደባባይ ተሰጣቸው፤ በሕይወት ላለሁት ለእኔ ግን አንዲት ባዶ መቀመጫ አልተረፈችም። ሻንጣዬ ላይ ልቀመጥ ስል ልጄ "አባባ፣ ሰው ያየናል!" አለችኝ። ይየን እንጂ! ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የሻንጣው ጎማ ሲንገጫገጭ ጥርሴም አብሮ ይንገጫገጫል።

አውቶቡሱ በ1.50 ዩሮ ቲኬት 100 ደቂቃ ያስኬዳል። አዎ፣ አቁሞ ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ "ኖር!" ብሎ ይነሣል፤ እኔም "በእግዜር" ብዬ ቦታውን እረከባለሁ። የሮም ጎረምሳ ግን ጆሮውን በሁለት ነጭ ነገር ደፍኖ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ስለዚህ አንዱ እጄ ብረቱን፣ ሌላው እጄ ኪሴን ጨብጦ ይጓዛል፤ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር በኪስ አውላቂ የታወቀ ነውና።

ቡና ልጠጣ ብትሉ፣ ጣልያን የሚጠጣው ባንኮኒ ተደግፎ ነው። ለቆመ ሰው አንድ ዩሮ ከምናምን፤ ቁጭ ላለ ግን እጥፍና ከዚያም በላይ። አስተናጋጁ ያመጣልኝን ደረሰኝ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት፤ ከቡናው ይልቅ የወንበሩ ኪራይ ይበልጣል! ማኪያቶን ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ እኛ ግን ቁጭ ብለን፣ ሰው እያማን ነው የምንጠጣው። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ በልጧል።

የስፔን ደረጃ የሚባለውንም አየሁት፤ ከ130 በላይ እርከን አለው። ደረጃ የሚሠራው ግማሹ ሊወጣበት፣ ግማሹ ሊቀመጥበት ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 250 ዩሮ። ገና ጉልበቴን ሳጥፍ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ። ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀረ፤ አልተቀመጥኩም፣ አልቆምኩም። ለዚህኛው ስንት እንደሚያስከፍሉ አልጻፉም።

እውነቱን ለመናገር ውሃው ነጻ ነው። ናዞኔ የሚሉት የብረት ቧንቧ በየመንገዱ ዳር ቀን ከሌት ይፈሳል፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ፊን ብሎ ይወጣል። እሱንም ለመጠጣት ጎንበስ ማለት ግድ ነው። መቆሙ አልበቃ ብሎ!

ቺርኮ ማሲሞ ከሚሉት ጥንታዊ ሜዳ አጠገብ ስደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ያለፈው በዚያ በኩል ነው። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከጨረሰ በኋላም አላረፈም፤ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ዓለም በጽናቱ ተደነቀ። እኔ የምለው፦ የት ይቀመጥ? የአክሱም ሐውልታችንም ያን ጊዜ እዚያው ቆሞ ነበር። አገሩ መሬት ላይ ስንት ዘመን ጋደም ብሎ ያረፈውን አዛውንት ጭነው ወስደው በ1930 ዓ.ም. ገተሩት። ዳግመኛ ጋደም ለማለት የበቃው ከ66 ዓመት በኋላ ፈታተው ሲያወርዱት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አገሩ ገባ። እኔ በሙሉ አካሌ በመመለሴ ተመስገን እላለሁ።

ልጄ አሁን ደግሞ "ለከርሞ ቬኒስ እወስድዎታለሁ፤ መኪና የለም፣ ድልድዩ ብቻ ከ400 በላይ ነው" ትለኛለች። እዚያስ መቀመጥ ይቻላል ወይ ስላት ስልኳን ጎርጉራ ዝም አለች። ለካስ እዚያም ድልድይ ላይ የተቀመጠ ይቀጣል! እንግዲያው ለከርሞ እሷ ትምጣ። በረንዳዬ ላይ ሁለት ዱካ አለኝ፤ ለሁለቱም ኪራይ አልጠይቅም።